አንደኛ ምርጫዬ አልደረሰኝም፤ ከሆዴ እንዴት ላውጣው?

የብር ማዶዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ደህና የሆንኩ ይመስላቸዋል። እዚህ የሚያውቀኝ ስለሌለ ልጻፈው ብዬ ነው።

የፍኖተ ሰላም አካባቢ የገበሬ ልጅ ነኝ። ከቤታችን እስከ ከተማው በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው የተማርነው። ዓርብ ማታ ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፤ ከረቡዕ በኋላ በሶ ነው። ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ሳይቆጠር አራት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ለ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ለማትሪክ የሄድነው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ወዳለ አንድ ግቢ ነበር። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የደረሰኝ አልጋ የላይኛው ነው። ግድግዳው ላይ ከእኔ በፊት የተኛችበት ልጅ የፈተና ቀኖቿን በእስክሪብቶ ጽፋ አንድ በአንድ ሰርዛቸዋለች። የመጨረሻዋ ቀን ብቻ አልተሰረዘችም። ሌሊት ስነቃ በመብራቱ ያችን ቀን እያየሁ «ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው እኔ ነኝ» እል ነበር። አልጋውን ለራሴ ሰጥቼው ነው የመጣሁት።

ውጤቴ ከ600 ውስጥ 338 መጣ። ከክፍላችን ካለፍነው ጥቂት ልጆች አንዷ እኔ ነበርኩ። አባ ጎረቤት ጠርቶ ጠላ አጠጣ። አንደኛ ምርጫዬን ያንን ግቢ አደረግሁ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውንም ቅርብ ቅርቡን ሞላሁ። እምዬ ወገቧን ያማታል፤ በየወሩ እየመጣሁ እንጀራ ልጋግርላት፣ ልጥብላት አስቤ ነበር። ከዚያ በታች ያለውን ግን ለመሙላት ያህል ነው የሞላሁት።

ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ካለችው ሾላ ሥር ብቻ ነው። ቁጥሬን አስገብቼ ጠበቅሁ፤ ሲዞር ቆየ። ከዚያ ስሜ መጣ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ ከሥሩ አርባ ምንጭ። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ «ደረሰሽ? ደረሰሽ?» ሲለኝ «ኔትወርኩ እምቢ አለ» ብዬ ዋሸሁት። እስኪመሽ እዚያው ቁጭ አልኩ።

አሁን ያስጨነቀኝ ብዙ ነው። አባ «እዚያ ድረስ ልኬሽ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ለከርሞ ድገሚና ቅርቡን አምጪ» ብሏል። ለአንዲት የገጠር ልጅ «ለከርሞ» ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞ አብራን ተከራይታ ለነበረችው ጓደኛዬ ያው የተመኘሁት ግቢ ደረሳት። አራት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳሁላትም። እሷ ምን አደረገችኝ? ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

ቅሬታ ባስገባ ይቀየርልኛል? ልድገም ወይስ ልሂድ? ደግሞስ ይህ ነገር ከሆድ የሚወጣው በምንድን ነው? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

ደጀን ላይ

እህቴ፣ አስቀድሜ እንኳን አለፍሽ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ቢመጣም አንቺ የደረስሽበት ቦታ ሳይደርስ የቀረው ይበልጣል። «አልተሳካልኝም» የሚለው ቃል ላንቺ አይሆንም።

ስለ ቅሬታው የማውቀውን ልንገርሽ። ማስገቢያው የሚከፈተው ለጥቂት ቀን ነው፤ ብታስገቢ አትጎጂም። ነገር ግን በብዛት ሲሰማ ያየሁት ከባድ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ፣ የምታጠባ እናት፣ እንዲህ ያለው በማስረጃ ሲያመለክት ነው። «ራቀብኝ» ለሚለው ብዙ ተስፋ አታድርጊ። የእናትሽም ሕመም ሐዘኑ ይገባኛል፣ ግን ወረቀቱ የሚጠይቀው የተማሪዋን ነው።

አንድ ነገር አደራ። በቴሌግራም «ምደባ እናስቀይራለን፣ ግማሹን ቅድሚያ ላኪ» የሚሉ አሉ። የአጎቴ ልጅ የበግ መሸጫ ብሩን ልኮላቸው ቀርቷል። አንድ ብር እንዳትልኪ።

ሞጣዋ

«ለበጎ ነው» ልትሏት የተዘጋጃችሁ ሁሉ ለዛሬ ብቻ ተዉአት። እኔም ሲደርስብኝ ከሐዘኑ በላይ የጎዳኝ ይኼ ቃል ነበር። ሰው በተናገረው ቁጥር ሐዘኔን የምደብቀው እየመሰለኝ ከሰው ሸሸሁ። አንቺ አልቅሺ። ያ አልጋ ያንቺ ነበር፤ በሐሳብሽ ገብተሽበታል። የሞተ ነገር አለ፣ ይለቀስለታል።

ስለ መድገም ግን ደግሜ ስላየሁት ልናገር። አንደኛ ምርጫዬ ሲቀርብኝ የደረሰኝን ትቼ ቤት ቀረሁ። ጓደኞቼ ብርድ ልብሳቸውን አሥረው ሲሄዱ መንገድ ዳር ቆሜ ሸኘኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ «ቤት ያለች ልጅ» ነኝ። ውኃ ሲጎድል እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ እኔ፣ ከብት ሲጠፋ እኔ። አያስገድዱኝም፤ ግን ቤት ተቀምጦ እምቢ አይባልም። እስከ ታኅሣሥ መጽሐፍ የከፈትኩባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ። ጥር ላይ ሽማግሌ መጣ። እናቴ ባትቆምልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልሽ ከሌላ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሞጣ ወርጄ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ያጠናሁት።

በግል ተፈትኜ ውጤቴ በ11 ነጥብ ጨመረ፤ የፈለግሁትም ግቢ ደረሰኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ግን በገባሁ በወሩ ያወቅሁት ነገር አለ። የፍሬሽማን፣ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በየግቢው ያው ነው፤ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊው። ከእኔ በፊት የሄዱት ጓደኞቼ ያነበቡትን ሞጁል በስልክ ልከውልኝ ነው እኔም ያነበብኩት። ዲፓርትመንት ስትመርጪ ወሳኙ እዚያው ያመጣሽው ውጤት ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ እኔም፣ ሩቅ የሄደችውም አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ነው የምንቀመጠው። እነሱ አሁን ሁለተኛ ዓመት ናቸው።

አትድገሚ አልልሽም። ከደገምሽ ግን ያባትሽ ቤት ሆነሽ አይሁን። ደግሞ የጓደኛሽን ስልክ ዛሬውኑ አንሺላት። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ቢያቅትሽ «አዝኛለሁ» በያት፤ ከአንድ ድስት የበላች ልጅ ይገባታል።

ውኃ ልክ

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ አርባ ምንጭ የተማርኩ የውኃ መሐንዲስ። ጽሑፍሽን ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩትና ማታ ልመልስልሽ ብዬ ውዬ አሁን ቁጭ አልኩ።

1998 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተመደብንበት የወጣው በወረቀት ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ልጆች በጣታቸው ሲፈልጉ ወረቀቱ ደብዝዞ። ስሜን ሳገኝ አጠገቡ ያለው ያልፈለግሁት ነው። እኔ ልቤ ያረፈው አንድ ሌላ ግቢ ላይ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ የተማረበት። ስለ ግቢው ሲያወራልኝ ነው ያደግሁት፣ የትኛው ዛፍ ሥር ቡና እንደሚጠጣ ሳይቀር አውቃለሁ። አርባ ምንጭን በካርታ ላይ እንኳ ፈልጌው አላውቅም።

እናቴ ልብሴን ከሥር፣ በሶና ድርቆሽ ከላይ አድርጋ ሻንጣዬን በሲባጎ አሰረችልኝ። ዓባይ በረሃን ስንወርድ ያኔ አዲሱ ድልድይ አልተሠራም፤ አውቶቡሱ በአሮጌው ላይ ቀስ ብሎ ሲሻገር ወደኋላ ዞሬ የጎጃምን ገደል አየሁና ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክንገባ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ አድረን በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ስንሄድ ውለን ደረስን። ከአውቶቡሱ ስወርድ የተቀበለኝ ሙቀት ነው። ቢቸና ጋቢ ደርቤ የወጣሁ ልጅ ጋቢዬን የማደርግበት አጣሁ።

አሁን ልነግርሽ የምፈልገውን ስሚኝ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሻንጣዬን አልፈታሁትም። አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ከላይ ከላይ ልብስ እየመዘዝኩ እለብሳለሁ፣ አጥቤ መልሼ እከታለሁ። ቁም ሣጥን አለኝ፣ ባዶውን ነው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ብፈታው የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ቅያሪ አገኛለሁ ብዬ ማመልከቻ ስጽፍ፣ ስልክ ሳስደውል ከረምኩ። ክፍል ገብቼ አስተማሪው ሲናገር እኔ «አሁን እዚያ ብሆን» እያልኩ ነው። ከሂሳብ የወደቅሁት የሂሳብ ጭንቅላት አጥቼ አይደለም፤ ልቤ ክፍል ውስጥ ስላልነበረ ነው።

ከጎኔ የሚተኛው የጨንቻ ልጅ ነበር፤ ጋሞ ነው። አንድ ቀን «ሻንጣህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ። «ልብስ» አልኩት። «ታዲያ ልብስ ስንት ወር መንገድ ይሄዳል?» አለኝ። ሊቀልድ አልነበረም፣ እውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ሲወጣ ጠብቄ ሲባጎውን ፈታሁት። የእናቴ በሶ አንዱ ከረጢት ወደ ጥጉ ተንሸራቶ ከልብሱ ሥር ገብቶ ኖሯል፣ ሙሉውን ነቅዞ አገኘሁት። አንድ እፍኝ አልተነካም። እናቴ ገብሱን ስትቆላ ጭሱ ዓይኗን አስለቅሷት በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አጠገቧ ነበርኩ። ያን ከረጢት ይዤ እስክጠግብ አለቀስኩ። የደከመችበትን እንኳ ሳልበላላት ባልመጣሁበት አገር ስኖር ከርሜያለሁ። ልብሴን ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ቀና ሆነ አልልሽም። ሂሳቡን ደግሜ ወሰድኩ። ግን በሁለተኛው ዓመት ለመስቀል ያ ልጅ ጨንቻ ቤታቸው ወሰደኝ። ጋሞዎች መስቀልን እንዴት እንደሚያከብሩ ካላየሽ አይነገርሽም፤ በእኛ ፋሲካ ማለት ነው። ጨንቻ ደጋ ነው፣ ይበርዳል፤ ያችው ጋቢዬ ሥራ አገኘች። እናቱ በቆጮው ላይ ዳጣ ጨመሩልኝ፤ አፌ ሲነድ ሳቁና ውኃ ሰጡኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ግን ሲያጎርሱ የኔኑ እናት ነው የሚመስሉት።

አባትሽ «እንቅልፍ አይወስደኝም» ማለታቸው ይገባኛል። ይህን ንገሪያቸው። በ2011 መስከረም አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ሌላውን ሊያጠቃ ሲነሣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩና አስቆሙት። አገር ሁሉ ያየው ነው። ልጅሽን የላክሽበት ሕዝብ ይህ ነው ብዬ ለእናቴም ነግሬያታለሁ።

ግቢው በ1970ዎቹ መጨረሻ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተከፈተው፤ ዛሬም በውኃ ነገር ስሙ የሚጠራ ነው። ከተማው ላይኛውና ታችኛው፣ ሴቻና ሲቀላ ይባላል። ከሴቻ ሆነሽ ስትመለከቺ አባያና ጫሞ ሁለቱም ይታዩሻል፤ በመካከላቸው ያለውን ጋራ «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። አባያ ቀላ ይላል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። አንቺ ብር ወንዝ ዳር ያደግሽ ልጅ ስለሆንሽ ውኃው ይወድሻል።

መያዝ ያለብሽን፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ ብዙ አድርገሽ፣ አንሶላና የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ። ብርድ ልብሱ ቀለል ያለ ይሁን። አጎበር ያዢ፤ ወባ አለ። ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ሲጀምርሽ «ብርድ ነው» ብለሽ እንዳትተኚ፤ በዚያው ቀን ተመርመሪ። እሑድ እሑድ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ወደሚሰበሰቡበት ግቢ ጉባኤ ሂጂ፤ የአገርሽን ልጆች እዚያ ታገኛለሽ። ሌላውን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ አባትሽም ማነጋገር ከፈለጉ ስልኬን እልክልሻለሁ።

የቅኔ ቤቱ

ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ደበሎዬን ለብሼ አኩፋዳዬን አንግቼ ከቤት የወጣሁት አንድ ስመ ጥር መምህር ዘንድ ቅኔ ልቆጥር ነው። ሦስት ቀን ተጉዤ ብደርስ «ተማሪው በዝቷል፣ መንደሩ ከዚህ በላይ አይችልም፣ ሌላ ሂድ» ተባልኩ። ዘመኑ የችግር ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ያን ሌሊት የተማሪ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተኝቼ ውስጥ ያሉት ቅኔ ሲቀጽሉ ስሰማ አደርኩ። የጉባኤ ቃናዋ፣ አጭሯ ቅኔ፣ ሁለት ቤት ናት፤ ያችን ሁለት ቤት ከውጭ ሆኜ ስሰማት የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ሲነጋ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄድኩ። እኒያ ተቀበሉኝ፤ ከእርሳቸው ዘንድ እስከ መወድስ ዘለቅሁ። የመጀመሪያውን ደጃፍ እረሳለሁ ብዬ አልደከምኩም፤ አልረሳሁትምም። አንቺም ልርሳው ብለሽ አትታገይ።

ለአባትሽ ግን ይህ ይነገርልኝ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ቅኔ ልማር ብሎ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ስንት የሰው ልጅ ወደ ጎጃም መጣ! «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃችን ሲቆም እናቶቻችን ከመሶባቸው ቆርሰው አበሉት እንጂ «ያንተ አገር የት ነው» አላሉትም። የእነዚያም አባቶች እንቅልፍ አልወሰዳቸው ይሆናል። የሰው ልጅ ያሳደገ አገር የራሱን ልጅ ለሰው አገር ማመን ይገባዋል።

አንቺ ራስሽ አትከራከሪያቸው። «እንቅልፍ አይወስደኝም» ያለ አባት እየፈራ ነው እንጂ እየከለከለ አይደለም፤ ለፍርሃት ደግሞ ሙግት አይሆነውም። የንስሐ አባታችሁን ለምኚ፣ ከእርሳቸውም ጋር ልጁን ሩቅ ልኮ ያስመረቀ አንድ ገበሬ ይጨመር። ማታ፣ ከእርሻ ገብተው እግራቸውን ከታጠቡ በኋላ ይሁን።

የብር ማዶዋ (ጠያቂ)

ይቅርታ፣ ሾላዋ ሥር መድረስ ሳልችል ሰንብቼ ነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሞጣዋ፣ ያልሽኝን በዚያው ቀን አደረግሁ። ጓደኛዬ ስታነሣ «አዝኛለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ እሷም አለቀሰች። ቅዳሜ ከተማ ወርደን የተከራየናትን ክፍል አስረክበን ዕቃችንን ተካፈልን። ድስቷንና ቡታጋዟን ለእሷ፣ ባልዲዋንና ማንቆርቆሪያዋን ለእኔ። የግድግዳውን ነገር ነገርኳት፤ ያ አልጋ ከደረሳት ቀኗን ልትሰርዝልኝ ነው።

አባቴ፣ የቅኔ ቤቱ፣ እንዳሉት አደረግን። የንስሐ አባታችንና ልጃቸው ጅማ ተምሮ የመጣላቸው ጎረቤታችን መጡ። አባ ብዙ አልተናገረም። በማግሥቱ ውኃ ልክን በስልክ ሲያገኘው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቢያማት ማን ያያታል?» አለው። ምን እንደመለሰለት አልሰማሁም፤ ረዘም አድርገው ነው ያወሩት። ማታ ስገባ አባ ከጤና ኬላ የተሰጠንን አጎበር አጥቦ አጥር ላይ አስጥቶት አየሁ። እሱ ልብስ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም።

አሁንም ሌሊት እነቃለሁ። ያ ክፍል ይመጣብኛል። ግን የምሄድ ነኝ፤ መንገዱ በየቀኑ ስለማይከፈት ጥሪው ከወጣ በኋላ ሳልዘገይ ለመነሣት ተዘጋጅቻለሁ። እምዬን የሚያግዛት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ውኃ መቅዳት ጀምሯል።

ውኃ ልክ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እምዬ ዛሬ ገብሱን እየቆላች ነው፣ ነገ ይፈጫል። እዚያ ሙቀት እንዳይነቅዝብኝ በሶውን በምን ልያዘው? በጨርቅ ከረጢት ይሻላል ወይስ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ?